ከማኪያቶ እስከ ስታካቶ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በቅዳሜ ጥናት ቡድን እናቶች ስም የቀረበ ንግግር)



እዚህ ለንደን ፒያኖና ቫዮሊን ከሚማሩት ልጆቻችን ብዙዎቹ የሚፈተኑት ኤቢአርኤስኤም በተባለው የፈተና ቦርድ ነው። በቦርዱ ደንብ 6ኛ ደረጃ የመሣሪያ ፈተና ለመውሰድ አስቀድሞ 5ኛ ደረጃ የሙዚቃ ቲዎሪ ወይም ቦርዱ የሚቀበለውን አቻ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ቲዎሪው ከ75 ይታረማል፤ ማለፊያው 50 ነው። ጣታቸው የደረሰ ልጆች እዚህ በር ላይ ሲቆሙ አይተናል። አስጠኚ የሚቀጥር ቤት ልጁን ያሻግራል። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ግን «እኔ ኖታ አላነብ፤ ምን ልረዳው?» ብላ ዝም ትላለች።

ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ይህንኑ ነው፤ ኖታ የማታነብ እናትም የፈተናውን ቃላትና ምልክቶች ማስጠናት ትችላለች።

ቃላቱ በአብዛኛው ጣሊያንኛ ናቸው። እኛ ደግሞ ፍሬን፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ማኪያቶን ውሰዱ፤ በጣሊያንኛ «ጠብታ ያረፈበት» እንደ ማለት ነው። መጨረሻው «አቶ» ሲሆን «እንዲህ የተደረገ» የሚል ስሜት አለው። ስለዚህ ስታካቶ የተነጣጠለ፣ ሌጋቶ የተያያዘ፣ ማርካቶ ጎላ የተደረገ ነው። መርካቶ ግን ገበያ ነውና እንዳይምታታባችሁ።

የፍጥነት ቃላቱን ከዝግታ ወደ ጥድፊያ በተራ እንደረድራቸዋለን፦ ላርጎ፣ አዳጆ፣ አንዳንቴ፣ ሞደራቶ፣ አሌግሮ፣ ፕሬስቶ። አንዳንቴ «መሄድ» ከሚለው የመጣ ነውና ረጋ ያለ የእግር መንገድ ብለን ያዝነው። ቀጥለን ትንንሾቹን አጠናን። ፖኮ ጥቂት ነው፣ ሜኖ ያነሰ፣ ሴንዛ ያለ። ሞልቶ ደግሞ በጣም ነው፤ ሞልቶ የፈሰሰ ብላችሁ ያዙት። እነዚህን የያዘ ልጅ ረጅሙን ሐረግ ራሱ ይፈታዋል። አሌግሮ ማ ኖን ትሮፖ ሲባል «ፈጠን በል፣ ግን አታብዛው» ነው።

በምልክቶቹ ላይ ልጆቹን የሚያሳስተው መመሳሰል ነው። ነጥብ ከኖታው በላይ ወይም በታች ስትቀመጥ ስታካቶ ናት፤ ከጎኑ ስትቀመጥ ግን የኖታውን ርዝመት በግማሽ ትጨምራለች። ቅስት ሁለት አንድ ዓይነት ድምፆችን ሲያገናኝ እንደ አንድ ረጅም ድምፅ ይያዛሉ፤ የተለያዩ ድምፆችን ሲያገናኝ ሳይቆራረጡ ይጫወታሉ። ስለዚህ ልጁን «ምልክቱ ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «የት ላይ ነው?» ብለን እንጠይቀዋለን።

ድምፅን በምልክት መጻፍ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። የያሬድ ዜማ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉ ምልክቶች አሉት። አሠራሩ ከአውሮፓው ኖታ ይለያል፤ የምልክት ትምህርት ግን ባዕድ እንዳልሆነ ልጆቻችን ቢያውቁ ይኮራሉ። ይህን ትምህርት በዜማ ቤት የተማሩት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ዛሬ እናትና ሴት ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ምልክት ሲያጠኑ ማየት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራራችን ቀላል ነው። በወረቀት ካርድ ፊት ቃሉን በፈተናው እንደሚመጣው በላቲን ፊደል እንጽፋለን፤ ጀርባው ላይ ትርጉሙን በእንግሊዝኛና በአማርኛ። በሳምንት 10 ካርድ እንጨምራለን። የተሳተው ካርድ በማግስቱ ይመለሳል፤ የታወቀው ለሳምንት ያርፋል። ልጆቹ በዚያው አማርኛቸውንም ያሻሽላሉ።

ሁሉንም እንችላለን አላልንም። የቁልፍ ምልክቶች፣ ስኬልና ዜማን ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር አስተማሪ ይፈልጋሉ። እኛ ቃላቱን በቤት ከጨረስን ግን የአስተማሪው ሰዓት ለከባዱ ክፍል ይተርፋል። ደጋፊዎቻችን፣ የምንጠይቃችሁም ለዚያ ሰዓትና መክፈል ለማይችሉ ልጆች የፈተና ክፍያ እንድታግዙን ነው።

እናንተም እኅቶቻችን፣ «አላውቅም» ብላችሁ አትቅሩ። ቅዳሜ ከልጃችሁ ጋር ኑ፤ ካርዱን እኛ እናዘጋጃለን።