የግብ ጠባቂን ታሪክ እንዴት እንጽፋለን? ከጊላሚካኤል እስከ ጀማል ጣሰው



ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ሆኖ ስለ ግብ ጠባቂ መናገር አንድ ጥቅም አለው። አየሩ ስስ በመሆኑ የተመታ ኳስ እንደ ቆላው ፍጥነቱ ቶሎ አይበርድም፤ በደባትም ሆነ እዚህ በረኛ የሚቆም ልጅ ቀድሞ መወሰንን ግድ ይማራል። ጥያቄዬ ግን የታሪክ አጻጻፍ ነው። ሥራው ጎል እንዳይቆጠር ማድረግ የሆነን ሰው ጎል በሚቆጥር መዝገብ እንዴት እንመዝነዋለን?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እንውሰድ። ግብፅን፣ በጊዜው ስሟ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ 4 ለ 2 አሸንፈናል። ተክሌ ኪዳኔን፣ ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን ሁሉም ያስታውሳል፤ ጎል አግቢዎቹ እነርሱ ናቸውና። የግብ ጠባቂው የጊላሚካኤል ድርሻ በዝርዝሩ ላይ የሚታየው በሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ በ35ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደል ፈታህ ባገባበት። ከዚያ በኋላ ያለውን እንቁጠር። ሉቻኖ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ ደገሙ። ከ75ኛው እስከ 120ኛው ድረስ፣ ሙሉ 45 ደቂቃ፣ በእኛ መረብ ላይ ምንም አልገባም። የኢታሎ ጎል ዋንጫ ያመጣችው በዚህ ነው፤ የጎል ዝርዝር ግን ይህን የሚያስገባበት ዓምድ የለውም።

ልክ ከ51 ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን ለ31 ዓመት ተለይቶት ወደነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ እግሩን አንሥቶ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨ፤ ራሱም ተጎድቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ብዙዎቻችን ጀማልን በዚያች ቅጽበት ብቻ እናውቀዋለን። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ክልልን ጥሎ መውጣት የሙያው አካል ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ የተቀበለው ሌቭ ያሺን፣ እስካሁንም ብቸኛው በረኛ፣ ከመስመሩ እየወጣ በመጫወቱ ዝነኛ ነበር። ሲሳካ ማንም አይጽፈውም።

ተተኪው ዘሪሁን ታደለ ገባ። በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባበት። አዳነ ግርማ ከዕረፍት በኋላ አቻ ያደረገበትን ጎል ሁላችንም ዘምረንለታል፤ ቡድኑ በአሥር ሰው ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ጎል ሳይገባበት መጨረሱን ግን ያነሣ ጥቂት ነው። እነሆ ሌላ 45 ደቂቃ፣ በዚያው ቀን።

የዚያ ውድድር መጨረሻማ ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። በናይጄሪያው ጨዋታ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጣ፤ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሊጠብቅ ጓንት ያጠለቀው የመሐል ሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ነበር። በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በአንድ ግብ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ የታሪክና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች፦ ከጎል ወደ ጎል ሳይሆን በጎሎቹ መካከል ያለውን ጊዜ የሚቆጥር መዝገብ አዘጋጁ። ከደባርቅና ከደባት ትምህርት ቤቶች የቀድሞ በረኞች ቃል መጀመር ትችላላችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።