ስለ ደም ሥር ብግነት እንወቅ
(በዳብሊን ከተማ በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ቫስኩላይትስ የተባለውን፣ እምብዛም የማይታየውን የደም ሥር ብግነት ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ደም ሥሮቹን ሲያጠቃ ግድግዳቸው ያብጣል፤ ደምም ወደ ዓይን፣ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ እጅ እንደ ልብ አይደርስም።

አስቸጋሪው ነገር አጀማመሩ ነው። ትኩሳት፣ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲመጣ «ምች ነው፣ ብርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ደም የቀላቀለ ሳል ሲሆን መጀመሪያ የሚታሰበው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነቀርሳ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ምርመራው መቆም የለበትም፤ በተለይ አፍንጫ ከደማ ወይም ሽንት ውስጥ ደም ከተገኘ።

ሦስት ነገር እናስታውስ።

አንደኛ፣ ከ40 ዓመት በታች የሆነች ሴት ክንዷ ቶሎ የሚዝል፣ የእጇ ትርታ የጠፋ፣ የሁለቱ ክንዶቿ የደም ግፊት የተራራቀ ከሆነ ታካያሱ የተባለው በሽታ ይጠረጠራል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1908 ምልክቱን ካስታወቁት ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው።

ሁለተኛ፣ ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ አዲስ የራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ከታየ ቀጠሮ አንጠብቅ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል እንሂድ። ዓይን አንዴ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ሐኪሞች አጥብቀው ከጠረጠሩ የናሙና ውጤት ሳይጠብቁ ስቴሮይድ ይጀምራሉ።

ሦስተኛ፣ ሕፃን 5 ቀንና ከዚያ በላይ ካተኮሰው፣ ዓይኑና ምላሱ ከቀላ፣ እጅና እግሩ ካበጠ ካዋሳኪ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው በ10 ቀን ውስጥ ቢጀመር ልብን ከጉዳት ይጠብቃል።

በሽታውን ለይቶ የሚናገር አንድ ብቸኛ ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሕመሙን ታሪክ፣ የደምና የሽንት ውጤት፣ የደም ሥር ምስልና ናሙና አንድ ላይ ያገናዝባል። ስለዚህ ምልክቶቹን ከነቀናቸው ጽፈን እንሂድ፤ ወደ ሩማቶሎጂ ሐኪም እንዲልከንም እንጠይቅ። በሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችን ነው፤ ልጆቻችንን አናስተርጉም።

ሊጠይቁን የመጡ እናቶቻችን «ወጪ አላብዛባችሁ» ብለው ሕመማቸውን ይሸሽጋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ እንጠይቃቸው።