የስኳር ሕመም ድንገተኛ አደጋ፦ ምልክቱና የመጀመሪያ እርዳታው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዕለተ ስቅለት ከማለዳ እስከ ምሽት ይሰገዳል። በዚያ ቀን ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ብዙዎች የሚያስቡት ድካምንና ረኃብን ነው። የወደቀው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ግን ነገሩ ከድካም ያለፈ፣ በደቂቃዎች የሚወሰን የሕይወት ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ያን አጭር ጊዜ እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1922 በቶሮንቶ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆሽታቸው ኢንሱሊን የማያመነጭ ልጆች የመዳን ተስፋ አልነበራቸውም። ዛሬ ግን በመድኃኒቱ ብዙዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መብልን ይጠብቃል። ኢንሱሊን የተወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብሎችን የወሰደ ሰው ሳይበላ ከዋለ፣ በዚያም ላይ ብዙ ከሰገደ፣ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

የስኳር መውረድ በድንገት ይመጣል። ላብ ያጠምቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ቀጥሎም አንደበት ይተሳሰራል፣ አእምሮ ግራ ይጋባል። ሕመምተኛው ያለ ምክንያት ሊቆጣ፣ እንደ ሰከረ ሰው ሊንገዳገድ ይችላል። ስለዚህም ሰካራም ወይም ክፉ መንፈስ ያደረበት መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። በመሣሪያ ሲለካ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች መለኪያ ደግሞ ከ3.9 ሚሊሞል በሊትር በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል።

ሕመምተኛው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር ይሰጠው። ይህም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ስኳር ያለበት ለስላሳ መጠጥ፣ አለዚያም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ነው። ስኳር አልባ ለስላሳ አይጠቅምም፤ ቸኮላት ደግሞ ቅባት ስላለው ይዘገያል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገምለት፤ ሲሻለውም ምግብ ይብላ። መለኪያ ከሌለና ነገሩ ካጠራጠረ፣ ስኳር መስጠት ከመከልከል ይሻላል።

ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመር፤ ጭማቂም ጸበልም ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቀው ይችላልና። በጎኑ ይተኛ፤ ሳይዘገይ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112 ተደውሎ «የስኳር ሕመምተኛ ነው» ይባል። ግሉካጎን የተባለው መድኃኒት ካለና አሰጣጡን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይሰጠው። ኢንሱሊን ግን ፈጽሞ አይወጋ። ጸሎቱ ከእርዳታው ጋር ይቀጥል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሁለተኛው አደጋ የስኳር ከመጠን በላይ መውጣት ነው። ይህ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ብርቱ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ምልክቶቹ ናቸው። «ዛሬ ስላልበላሁ መርፌው ይቅርብኝ» ብሎ ኢንሱሊንን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ወደዚህ ያደርሳል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሕፃን ልጅ ውኃ አብዝቶ ሲጠጣ፣ ሲከሳና ዳግም አልጋ ማርጠብ ሲጀምር ወላጆች ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሩት።

ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ከአቅሙ በላይ ሸክም አትጭንም። ስለዚህ ሕመምተኛው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት በሐኪም ይስተካከልለት። ለመቍረብ 18 ሰዓት ጾሞ የቆመ ሰውም ስኳሩ ሲወርድ ከረሜላውን ለመቅመስ አያመንታ፤ ስለ ቍርባኑ የንስሐ አባቱ ይመክሩታል። ሕመምን መደበቅ ግን ትሕትና አይደለም፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ካላወቀ ሊረዳው አይችልምና።

በደብሩ ማእድ ቤት ጭማቂና ስኳር ዘወትር በታወቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ዲያቆናትና አስተናጋጆችም ቦታውን ይወቁ። በችግር ሰዓት የሰውን ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ትንሽ ዝግጅት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።