የዱር እንጆሪ የምግብ ጠቀሜታና የአጥቢያዎቻችን ድርሻ

(በደብረ ብርሃን ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ብዙ የሚርቅ አይደለም። በአጥር ሥር፣ በወንዝ ዳርና በደን ጫፍ እሾሁን ዘርግቶ ስለሚበቅለው፣ እረኞች ልጆቻችን እየለቀሙ ስለሚበሉት፣ ዐዋቂው ግን አልፎት ስለሚሄደው የዱር እንጆሪ እናገራለሁ። ነገሩ ለጉባኤ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል 46 ከመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይመጥን፣ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላም ቁጥሩ 41 ከመቶ ነበር። እነዚህ ሕፃናት በእጃችን የተጠመቁ ናቸውና በደጃችን ያለውን በረከት ሁሉ መመርመር ይገባናል።

በቅድሚያ ስሙን እንለይ። በከተማ ገበያ «እንጆሪ» ተብሎ የሚሸጠው፣ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ትልቁ ቀይ ፍሬ ከውጭ የመጣ ተክል ነው። እኔ የምናገረው ስለ አገራችን እሾኻም ቁጥቋጦ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት «ሩቡስ» በሚሉት ወገን የሚመደብ ሲሆን፣ በደጋው አገራችን ከሚታወቁት ዝርያዎቹ መካከል ሩቡስ ስቶይድኔሪና ሩቡስ አፔታሉስ ይገኙበታል። ከቀጋና ከኮሶ ጋርም የአንድ ቤተሰብ ዘመድ ነው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና በሚዘልቀው ገደላማ ስፍራ፣ በወፍ ዋሻ ደን ዳርቻና በየአድባራቱ ቅጥር ያለ ተካይና ያለ አጠጪ ይበቅላል።

በፍሬው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በአትክልት ስፍራ የሚለማው ቀይ ዘመዱ ሲመረመር፣ እፍኝ በሚሞላ 100 ግራም ፍሬ ውስጥ 52 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ 6.5 ግራም አሰር፣ 26 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 25 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 0.7 ሚሊ ግራም ብረት ይገኛል። የዱሩ ፍሬ እንደ አፈሩና እንደ ብስለቱ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ላለ ሕፃን በቀን 30 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይበቃዋል ይላሉ። እንግዲህ አንድ እፍኝ ፍሬ የዚህን አብዛኛውን ክፍል ሊሸፍን ይችላል ማለት ነው። ብርቱካን በቫይታሚን ሲ እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ በአሰር ግን እንጆሪ ከብርቱካን ከእጥፍ በላይ ይልቃል። ከዚህም በላይ ብርቱካን ከቆላ ተጭኖ፣ በገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለውና ውርጭ በሚበረታበት በደብረ ብርሃን ዙሪያ እንደ ልብ አይበቅልም።

የዚህ ፍሬ ዋና ጥቅም ግን ከሌላው ምግባችን ጋር በሚኖረው ኅብረት ይገለጣል። በአጽዋማት ወራት ማዕዳችን ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር ነው። በእነዚህ ውስጥ ብረት አለ፤ ነገር ግን ከዕፀዋት የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይቀበለውም። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ ከምግቡ ጋር ሲበላ ያን ብረት ወደ ደም ለማስገባት ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ስለዚህ የባቄላ ወጥ የበላች እናት ወዲያው እፍኝ እንጆሪ ብትጨምርና ቡናዋን አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገይ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ከዚያው ማዕድ የበለጠ ትጠቀማለች።

አባቶቼ፣ እዚህ ላይ ወሰኑንም መናገር ግዴታዬ ነው። እንጆሪ መድኃኒት አይደለም። ፕሮቲኑና ስቡ ጥቂት ነው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ፈጽሞ የለበትም። እንቁላልንና ወተትን ሊተካ አይችልም። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ እንደሌለባቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በብዙ ቤት በጾም ወቅት ሕፃኑም አብሮ ይጾማል። እናቲቱ ይህን የምታደርገው ልጇን ጨክናበት አይደለም፤ የጾሙ ዕቃ በፍስክ ይነካካብኛል ብላ ስለምትሠጋ ነው። ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ሳሕን ብትለይ ሥጋቷ ይወገዳል። ይህን ከጤና ባለሙያ ይልቅ ከንስሐ አባቷ አንደበት ስትሰማ ትቀበለዋለች። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡና የታመሙ እናቶችም ምክር የሚጠይቁት እናንተን ነው።

አያያዙንም በአጭሩ ልግለጽ። ፍሬው በሚገባ ሲበስል ተለቅሞ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በዚያው ቀን ቢበላ መልካም ነው፤ ቶሎ ይበላሻልና። ሲቀቀል ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል። ስለዚህ በሕፃን ገንፎ ላይ የሚጨመረው ገንፎው ከእሳት ወርዶ ከበረደ በኋላ፣ ፍሬውም ተፈጭቶና ዘሩ ተጠልሎ ይሁን። እስከ ስድስት ወር ግን ለሕፃኑ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አይሰጥ። ልጆች እንደ እምቧይ ያለውን መርዛማ ፍሬ ከሚበላው ለይተው እንዲያውቁም እናስተምር።

ከሰበካ ጉባኤያት የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቅጥሩ ቁጥቋጦ ለባሕር ዛፍ ሲባል እንዳይመነጠር መወሰን። እንጆሪ፣ ቀጋና አጋም ከብት የማያልፋቸው አጥር ናቸው፤ አፈርንም ይይዛሉ፤ ፍሬም ይሰጣሉ። ሁለተኛ፣ በባዶው የአጥር መስመር እንጆሪ ማብዛት። ጎንበስ ያለውን ቅርንጫፍ ጫፉን በአፈር ቀብሮ፣ ሥር ሲያወጣ ቆርጦ መትከል ይቻላል። ፍሬ ሰጥቶ የደረቀውን ግንድ በየዓመቱ ማስወገድ፣ ከተመደበለት መስመር እንዳይወጣም መግታት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ትምህርት ላይ የሕፃናትን ማዕድ ጉዳይ በቋሚነት ማካተት።

እንጆሪን «የእረኛ ምግብ» ብለን የናቅነው ዋጋ ስላልተከፈለበት ይመስለኛል። ነገር ግን ዕፀዋትን ከነፍሬያቸው ለምግባችን የሰጠን አምላክ ነው፤ እኛም የስጦታው ጠባቂዎች ነን። በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ጉባኤ እያንዳንዱ አጥቢያ ስንት ክንድ አጥር እንደ ከለለ፣ ለስንት እናቶችም ትምህርት እንደ ሰጠ በጽሑፍ ይዞ እንዲመጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።