በጡረታ ዘመን ማደሪያን ስለ መለወጥ

(በናይሮቢ ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባችን እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት፤ ሰው በጡረታ ዘመኑ የኖረበትን ስፍራ ትቶ ኑሮ ወደሚረክስበትና አየሩ ወደሚስማማበት አገር መሄዱ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚል ነው። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ መምህር ስለ ጡረታ ለመናገር መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። ነገር ግን የጡረታ ሒሳብ የሚጀመረው ሰው በሸመገለበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለበት ወር ነው። በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ወጣቶችም ይህን ሒሳብ የሚጀምሩት ሳያውቁት ነው። ስለዚህ ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በስተርጅና ማደሪያን መለወጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ልጆቻቸውን ድረው፤ ርስታቸውን አውርሰው ሲያበቁ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ገዳም ይገቡ ነበር። አቅምና ዕድል ያገኙትም እስከ ኢየሩሳሌም ተጉዘው በዚያው ይቀሩ ነበር። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው፤ ለዚህ ምስክር ነው። እነዚያ ሰዎች ግን የሄዱት ነፍሳቸው እንድትድን እንጂ ገንዘባቸው እንዲበረክት አልነበረም። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዞ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ይህን ጉዞ እንደ አንድ የኑሮ ሥርዓት ካስፋፉት አገሮች ዋነኛዋ አሜሪካ ናት። በ1960 ዴል ዌብ የተባለ የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ በአሪዞና ግዛት ሰን ሲቲ የምትባል፤ ለጡረተኞች ተለይታ የተሠራች ከተማ ከፈተ። ብርድና በረዶ የሰለቻቸው፤ የትልቅ ከተማ ግብርና ወጪ የከበዳቸው አረጋውያን በብዛት ገቡባት። ወደ ፍሎሪዳ የሚሄዱትም ብዙዎች ናቸው፤ ይህች ግዛት በግለሰብ ገቢ ላይ የራሷን ግብር አትጥልምና። ሰን ሲቲን ግን እኛ መምህራን በተለይ ልናስባት ይገባናል። በደንቧ መሠረት ልጆች በቋሚነት አይኖሩባትም። በውስጧ የገቡትም ሽማግሌዎች ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዳይወጣ ደጋግመው ድምፅ ስለ ሰጡ፤ በ1970ዎቹ ከተማይቱ ከትምህርት ወረዳው ተለየች። ሽማግሌዎቹ ግብራቸውን አቃለሉ፤ በአንጻሩም ከጎረቤቶቻቸው ልጆች ጋር የነበራቸውን አንድነት አጡ። ርካሽ ኑሮ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ባለ መንገድ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ተሰበሰብንባት ከተማ እንመለስ። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከእርሷ በስተሰሜን ያለው ደጋም ለኑሮ የተመቸ ነው። ይህን ያዩ እንግሊዛውያን ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚህ ለማሳለፍ ይመጡ ጀመር። በ1919 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን በኬንያ መሬት የሚያሰፍር ዕቅድ ወጣ። የስካውት መሥራች ሎርድ ቤደን ፓወል በ1938፤ በ81 ዓመታቸው፤ በኬንያ ተራራ አጠገብ በምትገኘው በኒዬሪ ከተማ በተሠራችላቸው አነስተኛ ቤት ገቡ፤ ስሟንም ፓክስቱ አሏት። በ1941 በዚያው ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ በዚችው ቤት የኖሩት በሕንድ አገር ሰው የሚበሉ አራዊትን በማደናቸውና ስለዚሁ በጻፏቸው መጻሕፍት የታወቁት ጂም ኮርቤት ናቸው። እኒህም ሰው ሕንድ ነጻ በወጣችበት በ1947 ተወልደው ያደጉባትን አገር ትተው ከእኅታቸው ጋር ወደ ኒዬሪ መጡ፤ በ1955 በዚያው ሞቱ።

የእነዚህን ሰዎች ምርጫ ማንም አይነቅፍባቸው ይሆናል። ነገር ግን ኑሮው ስለምን ረከሰላቸው ብሎ መጠየቅ የመምህር ሥራ ነው። በ1902 በወጣው የመሬት ሕግና ከዚያም በ1915 በተተካው ሕግ፤ ከደጋው ምድር ለም የሆነው ለአውሮፓውያን ተከለለ፤ የኪራዩም ውል እስከ 999 ዓመት እንዲደርስ ተፈቀደ። መሬቱን ያጣው ሕዝብ ደግሞ የጎጆ ግብር በገንዘብ እንዲከፍል ስለ ታዘዘ ለደመወዝ ማደር ግድ ሆነበት። ከ1920 ጀምሮ ኪፓንዴ የተባለውን የሠራተኛነት ወረቀት በቆርቆሮ መያዣ አድርጎ በአንገቱ እንዲያንጠለጥል ተገደደ። የአትክልተኛው፤ የወጥ ቤቱና የአሽከሩ ደመወዝ ያነሰው ከዚህ የተነሣ ነው። የአዛውንቱ ምቾት መሠረቱ የሌላው ሰው ድህነት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውም መሠረት የሚጸና አልሆነም። በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 እንደ አውሮፓ ወር አቆጣጠር ኬንያ ነጻ ወጣች። የ999 ዓመት ውል የፈቀደው መንግሥት፤ ከዚያ ሕግ በኋላ 50 ዓመት እንኳ አልቆየም። ከሰፋሪዎቹም ብዙዎች ንብረታቸውን ሸጠው በስተርጅና ሁለተኛ ስደት ተሰደዱ።

ዛሬ ነገሩ በሌላ መልክ ይገኛል። ከአውሮፓ የመጡ ጡረተኞች በናይሮቢ በካረን ሰፈር፤ በናንዩኪ፤ ኢጣሊያውያንም በተለይ በማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ይኖራሉ። የኬንያ ሕግ ሥራ ሳይሠራ በራሱ ገቢ ለሚኖር የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዕድሜው ከ35 ዓመት እንዳያንስ፤ የተረጋገጠ ገቢውም በዓመት ከ24,000 ዶላር እንዳይጎድል ይጠይቃል። የ2010 ሕገ መንግሥትም የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው በኪራይ ብቻ፤ ያውም ከ99 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ መሆኑን ደንግጓል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ እንግዳው መብቱንም ወሰኑንም ዐውቆ ይገባልና።

ይሁን እንጂ እንግዳው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፤ የእንግሊዝ መንግሥት በአገር ውስጥ ላሉ ጡረተኞች በየዓመቱ የሚያደርገውን ጭማሪ በኬንያ ለሚኖሩት አይሰጥም። ጡረታው በመጣበት ቀን በነበረው ልክ ይቆማል፤ የገበያው ዋጋ ግን አይቆምም። በ65 ዓመቱ ተመችቶት የገባ ሰው በ85 ዓመቱ፤ ብርታቱ ባለቀበት ጊዜ፤ ይቸገራል። ሁለተኛው፤ በአሜሪካ ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፤ ከአገሩ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። በአሜሪካ ኖረው ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ለሚያስቡ ወገኖቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጤነኛ ሽማግሌ በርካሽ ቤት ይደሰታል፤ የታመመ ሽማግሌ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ይፈልጋል።

ኬንያውያን ራሳቸውስ በጡረታ ጊዜ ምን ያደርጋሉ? የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዕድሜ በ2009 ከ55 ወደ 60 ዓመት ከፍ ተደርጓል። ሰውዬው ሥራውን ሲጨርስ፤ የናይሮቢ የቤት ኪራይ ስለሚከብደው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ትውልድ መንደሩ፤ ወደ ሻምባው ይመለሳል። እዚያ ቤቱን በሥራ ዘመኑ ጥቂት በጥቂት ሠርቶት ቆይቷል፤ በዘመዶቹም ሠርግና ለቅሶ ሲደርስ ኖሯል። ይህ የመንደር ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የጠበቃውን የኤስ. ኤም. ኦቲዬኖን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በናይሮቢ የኖሩት እኒህ ሰው በ1986 መጨረሻ በሞቱ ጊዜ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋምቡዪ በናይሮቢ አቅራቢያ ልቅበራቸው አሉ፤ ጎሳቸው ደግሞ በትውልድ ምድራቸው ካልሆነ አለ። ክርክሩ ወራት ፈጅቶ በ1987 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለጎሳው ፈረደ፤ ሟቹም በሲያያ በምትገኘው በኛልጉንጋ ተቀበሩ። ፍርዱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው፤ ሰው የሚኖርበትን ስፍራ ብቻውን ቢመርጥም፤ የእኛ ነው የሚሉት ሰዎች በምርጫው ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ነው።

ወደ ራሳችን አገር ልመለስ። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ መሠረት፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በዕድሜ ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ድምሩ ግን ከ70 በመቶ አይበልጥም። እንግዲህ 30 ዓመት ያስተማረ መምህር 55 በመቶ ይደርሰዋል። በሌላ አነጋገር፤ ትናንት በ100 ብር ይኖር የነበረ ቤተሰብ ከነገ ጀምሮ በ55 ብር መኖር አለበት።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፤ እስከዚያ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር ጡረታ ለሚተዳደረው ኢትዮጵያዊ አገሩ ረከሰለት፤ በ1994 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው ዐዋጅም የሌላ አገር ዜግነት ለያዘው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በመታወቂያው፤ ቢጫ ካርድ በምንለው፤ ቤት እንዲኖረው ፈቅዶለታል። በብር ለሚተዳደረው ጡረተኛ መምህር ግን ድንበሩ ተዘጋበት። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የኬንያ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቀው 24,000 ዶላር፤ አንዱ ዶላር 100 ብር ነው ብለን እንኳ ብናስበው፤ በወር 200,000 ብር ይሆናል። ይህን የሚደርስ የመምህር ጡረታ የለም። ለእኛ ባልደረባ ሌላ አገር ማለት እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን፤ ወደ ደሴ፤ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነው።

ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ሲያዋጣበት የኖረውን ዕድር ትቶ ይሄዳል። በአዲሱ ስፍራ መመዝገቢያ ቢከፍልም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፤ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። ቤቱን ሸጦ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ፤ ነገሩ ባይስማማው በዚያው ዋጋ ሊመለስበት አይችልም።

ይሁን እንጂ መምህር ከሌላው ጡረተኛ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መምህር በዝውውር አገር ለአገር ሲዞር የኖረ ሰው ነው። በወጣትነቱ በተመደበባት ወረዳ ፊደል ያስቆጠራቸው ልጆች ዛሬ ከእነርሱ አንዱ ሐኪም፤ ሌላዋ ነጋዴ፤ ሌላውም የዕድር ዳኛ ሆነው ይገኛሉ። ወደዚያ ቢመለስ እንደ ባይተዋር አይቆጠርም፤ «የኔታ» ብለው የሚነሡለት አሉት። ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ ስገልጽ፤ ጡረተኛ መሄድ ያለበት ገበያው ወደሚረክስበት ሳይሆን፤ አስቀድሞ ድካሙን ወደ ዘራበት ስፍራ ነው እላለሁ። ይህ ስፍራ ርካሽ ከሆነ እሰየው፤ ባይሆንም ይሻላል።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አሳስባለሁ። አንደኛ፤ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ለእጩ መምህራን የጡረታ ሒሳብ በግልጽ ይሰጥ፤ ወጣቱ በ22 ዓመቱ ያወቀውን ነገር በ60 ዓመቱ አይደነግጥበትም። ሁለተኛ፤ ማደሪያውን ለመለወጥ የሚያስብ ባልደረባ ቤቱን ከመሸጡ በፊት አንድ ዓመት ተከራይቶ እንዲኖር፤ ሐኪም ቤቱንና ዕድሩንም አስቀድሞ እንዲያይ ይመከር። ሦስተኛ፤ የማኅበሩ ቅርንጫፎች ጡረታ የወጡትን ከመዝገባቸው አይፋቁ፤ ከሌላ ከተማ የመጣውን አረጋዊ መምህር የሚቀበል፤ ከዕድርና ከትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኝ ሰው ይመድቡ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲህ ያለው አረጋዊም በተቀበሉት ቦታ ያነበበውን ያካፍላል፤ የደከሙ ተማሪዎችን ያስጠናል፤ የሰን ሲቲ ሽማግሌዎች ከተለዩዋቸው ልጆች ጋርም አይለያይም።

 ከእኛ በፊት ያስተማሩትን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ እኛንም ለወጉ ያብቃን።