የስሎቫኪያ ሆኪ ተጫዋቾችና ያሳደጓቸው ቤቶች
(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከቁጠባችን ለልጆች ስፖርት ብድር እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚለው ጉዳይ ሳይቋጭ ማደሩን ታስታውሳላችሁ። እዚህ ካናዳ የሆኪ ዕቃ ስንት እንደሚፈጅ ልጅ ያላት ታውቀዋለች። ጫማው፣ የራስ ቁሩ፣ መከላከያው፣ ዱላው፤ እግሩ ባደገ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጫማ። «ልጄ ተጫዋች ከሆነ ቤታችንን ያወጣል» ያለች እህትም ነበረች። ኮሚቴው የእነዚህን ተጫዋቾች ኑሮ አጥንተሽ ንገሪን ሲለኝ የስሎቫኪያዎቹን መረጥኩ። የካናዳ ልጅ እዚሁ አገሩ ተጫውቶ ይከብራል። የስሎቫኪያ ልጅ ግን ትልቁን እንጀራ ለማግኘት ከአገሩ መውጣት አለበት። ይህን ነገር እኛ እናውቀዋለን።

ስሎቫኪያ 5 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ እስከ 1992 መጨረሻ ከቼኮች ጋር ቼኮዝሎቫኪያ ትባል ነበር። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ጨዋታውን የማታውቁ የእኛን የገና ጨዋታ አስቡ። ቆልማማ ዱላ አለ፤ በሩሩ ቦታ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ አለ፤ ሜዳው በረዶ ነው፤ ከጫማው ሥር ስለት አለ። ግፊያውም እንደ ገናው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል።

ከሁሉ በፊት ስለ ስታን ሚኪታ ልንገራችሁ። በ1940 ሶኮልቼ በምትባል መንደር ሲወለድ ስሙ ስታኒስላቭ ጉዎት ነበር። በ1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ልጅ ያልነበራቸው አክስትና አጎት ወደ ካናዳ ይዘውት መጡ፤ የእነሱንም ስም ወሰደ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ የስምንት ዓመት ልጇን ለዘመድ ሰጥታ ቀረች ማለት ነው። ታሪኩን የሚጽፉት ሰዎች በዚህ ላይ ቶሎ ያልፋሉ፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። መንደሯም ኋላ ሊፕቶቭስካ ማራ የተባለው ግድብ ሲሠራ በውኃ ተዋጠች።

ሚኪታ ለቺካጎ እስከ 1980 ተጫወተ፤ በ1961 የስታንሊን ዋንጫ አገኘ። በወጣትነቱ ቁጡ ነበር፤ በ1964-65 ውድድር 154 ደቂቃ የቅጣት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ትንሽ ሴት ልጁ ጨዋታውን በቴሌቪዥን አይታ፣ አባባ ለምን ሁልጊዜ ብቻውን ይቀመጣል ብላ እናቷን ጠየቀች ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቅጣቱ ወደ 12 ደቂቃ ወረደ። በዚያው ዓመት የብዙ ነጥብ፣ የምርጥ ተጫዋችና የመልካም ጠባይ ሽልማቶችን አንድ ላይ ወሰደ፤ በማግስቱም ዓመት ደገመው።

ቀጥሎ የሽታስትኒ ወንድማማቾች ናቸው። በነሐሴ 1980 የብራቲስላቫው ስሎቫን ቡድን ለውድድር ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ሄዶ ነበር። ፒተርና አንቶን ከዚያ ጠፍተው ካናዳ ኩቤክ ገቡ። የፒተር ባለቤት ዳሪና ነፍሰ ጡር ሆና አብራ ወጣች። ታላቃቸው ማሪያን ግን ሚስቱና ሦስት ልጆቹ አገር ቤት ስለነበሩ ተመለሰ። እዚያም እንዳይጫወት ታገደ። በማግስቱ ዓመት በ1981 ቤተሰቡን ይዞ አመለጠ፤ ሦስቱም ወንድማማቾች በአንድ ቡድን ተጫወቱ። ፒተር በመጀመሪያ ዓመቱ 109 ነጥብ አስመዝግቦ የምርጥ ጀማሪ ሽልማት ወሰደ። አገሩ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1994ቱ የሊልሃመር ኦሎምፒክ የስሎቫኪያን ባንዲራ የያዘው እሱ ነው፤ ቆይቶም የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆኗል።

ዝዴኖ ኻራን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ነው። አባቱ በ1976 ኦሎምፒክ የተወዳደረ ታጋይ ነበር። በትውልድ ከተማው በትሬንቺን ግን ልጁ ረዘመ፣ ለሆኪ አይሆንም፣ ቅርጫት ኳስ ይሂድ ተባለ። በ1996 የአሜሪካ ቡድን ሲመርጠው 56ኛ ነበር። ቦስተንን አምበል ሆኖ መርቶ በ2011 ዋንጫ አነሳ። በ2022 ሲያቆም 45 ዓመቱ ነበር፤ 1,680 ጨዋታዎች ተጫውቷል። ተከላካይ ሆኖ ይህን ያህል የተጫወተ የለም።

ኻራ ግን ለሁሉም መለኪያ አይሆንም። ማሪያን ሆሳ በ2008 ከፒትስበርግ ጋር ሆኖ በፍጻሜው በዲትሮይት ተሸነፈ፤ ወደ ዲትሮይት ዞረ፣ በ2009 ደግሞ በፒትስበርግ ተሸነፈ፤ በ2010 ከቺካጎ ጋር ዋንጫውን አገኘ። በኋላ የቆዳ ሕመምና የመድኃኒቱ ጣጣ ከ2017 ጀምሮ ከሜዳ አስቀረው፤ ውል ገና ነበረው። ፓቮል ዴሚትራ በ2011 ሩሲያ ውስጥ የያሮስላቭል ቡድን አውሮፕላን ሲከሰከስ ከሞቱት አንዱ ነው፤ 36 ዓመቱ ነበር። ይህ ሥራ በጤናና በሰላም ቢያልቅ እንኳ፣ ሌላው ሰው ሥራውን በሚያደላድልበት ዕድሜ ያበቃል።

አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ ዩራይ ስላፍኮቭስኪ ነው። የኮሺትሴ ልጅ ነው፤ በ15 ዓመቱ ፊንላንድ ሄዶ ማደግ ነበረበት። በ2022 ቤይጂንግ ላይ በ17 ዓመቱ 7 ጎል አግብቶ ስሎቫኪያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሆኪ ሜዳሊያ አገኘች፤ ነሐስ ነው። በዚያው ዓመት ሞንትሪያል አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ሁለተኛ የተመረጠውም ስሎቫክ ነው፣ ሺሞን ኔሜትስ። ስላፍኮቭስኪ በ2024 የፈረመው የ8 ዓመት ውል 60.8 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው። እህታችን ያሰበችው ይህን ገንዘብ ነው። አብረውት በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን ግን ማንም በስም አይጠራቸውም።

ሴት ልጆች ያላችሁም አላችሁ። የስሎቫኪያ ሴቶች በ2008 የኦሎምፒክ ማጣሪያ ቡልጋሪያን 82 ለ 0 አሸነፉ፤ አልተሳሳትኩም፣ ሰማንያ ሁለት። በ2010 ቫንኩቨር ሲደርሱ ደግሞ ካናዳ 18 ለ 0 ረታቻቸው። በ2023 ግን ኔላ ሎፑሻኖቫ የምትባል የዚሊና ልጅ በ14 ዓመቷ ከ18 ዓመት በታች የዓለም ውድድር ላይ በ5 ጨዋታ 9 ጎል አግብታ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። የሴቶቹ ክፍያ ከወንዶቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ይህን እያወቃችሁ ልጆቻችሁን አጫውቱ።

ብድሩን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለዕቃና ለመመዝገቢያ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመለስ አነስተኛ ብድር ይፈቀድ፤ ልጅ ሲጫወት ከመንገድ ይርቃል፣ ጓደኛ ያገኛል። ለግል አሠልጣኝና ለሩቅ ከተማ ካምፕ ግን ከሣጥናችን አይውጣ። የቤት ኪራይ ያለባት እናት በልጇ ወደፊት ላይ ተበድራ ስትቀር ዋሷም እኛ ነን። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ድምፅ የምንሰጠው ከቡና በኋላ ነው።