ፊደል የሌለው ኪቦርድ



በኮምፒዩተር ክፍላችን ካሉት ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ከአገልግሎት ብዛት የተነሣ ፊደላቸው ተፍቆ ጠፍቷል። እኛም ከእነርሱ ስንሸሽ ከረምን፤ አዲስ እንዲገዛልንም ለመንን። ኋላ ግን በአሜሪካ አገር በ2005 እ.ኤ.አ. «ዳስ ኪቦርድ» የተባለ፥ በቁልፎቹ ላይ አንድም ፊደል ያልተጻፈበት ኪቦርድ በ80 ዶላር ያህል ለገበያ መቅረቡን ብንሰማ አፈርን። እኛ የሸሸነውን ሌላው በገንዘቡ ይሻዋል!

ምክንያቱም ዓይን የሚያየው ሲያጣ፥ ጣት መንገዱን ማጥናት ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ይህ ዕውቀት የሚገኘው ከልምምድ እንጂ ከዋጋ አይደለም። በ«ኤፍ» እና በ«ጄ» ቁልፎች ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በጣት ዳስሶ፥ ከዚያ ተነሥቶ በየቀኑ መለማመድ ይበቃል። ደግሞስ አማርኛ ስንጽፍ በቁልፉ ላይ የምናየው የላቲን ፊደል አይደለምን? «ሀ»ን የምናገኘው በቃል አጥንተን ነው።

ውድ ኪቦርድ ከንቱ ነው አንልም። የርካሹ ቁልፍ በስስ ላስቲክ ላይ ሲያርፍ፥ የብዙዎቹ ውድ ኪቦርዶች ቁልፍ ግን ለየራሱ ሞላ ስላለው ብዙ ዘመን ያገለግላል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሠራተኛ ዋጋው አያስቈጭም። ለተማሪ ግን በአንዱ ውድ ፈንታ ብዙ ተራ ኪቦርዶች ቢገዙ፥ ወረፋ የሚጠብቁ ጓደኞቻችን ሁሉ ይማሩበታል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጣታችንን ፈትኑ። እኛም ፊደሉ በተፋቀው ላይ ለመቀመጥ ከእንግዲህ አንሸሽም።